ባለ 44 ክፍሉ የንግሥተ ሳባ ሥዕል እንደ መጽሐፍ ሲነበብ

በአዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች በአንዱ፣ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍሎች ከፋፍሎ የሚተርክ ባህላዊ ሥዕል ገዝቻለሁ። ሥዕሉ በሸራ ላይ የተሠራ ሲሆን ወርዱ 1 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በ4 ረድፍ፣ በየረድፉም በ11 ክፍል ተመድቦ፣ በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ አንድ መስመር የአማርኛ ጽሑፍ ሰፍሮበታል። መጀመሪያ 4,500 ብር ተጠየቅሁበት፤ በስተመጨረሻ በ3,200 ብር ተስማማን። እንዲህ ያለውን ሥዕል ስለ ቀለሙና ስለ ጌጥነቱ የሚያወድሱ ጥቂት አይደሉም፤ እኔ ግን እዚህ የምመዝነው ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው በተራ እንደሚነበብ ትረካ ቆጥሬ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ዕቃ ትልቁ ዋጋ በእኔ አስተያየት ያለው እዚያ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን ልብ ሳንለው የምናልፈውም ይህንኑ ነው።

ሥዕሉን ጨርሶ አይቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች ጀምሮ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ እስካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ድረስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ከሥሩ ተቀምጠን ክትፎ እንበላለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን። ይሁንና አንድ ሰው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ክፍሎቹን ተራ በተራ ሲያነብ ማየት እጅግ ብርቅ ነው። ለዚህም ከሁለት ወገን የሚመጣ ንቀት አስተዋጽኦ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። የሥነ ጥበብ ዕውቀት አለን የሚሉት «የቱሪስት ዕቃ» ብለው ያልፉታል፤ አንዱ ከሌላው የሚገለበጥ፣ የሠዓሊው ስም የሌለበት፣ ለፈረንጅ ሻንጣ ተብሎ የሚሠራ ነገር ከጥበብ አይቆጠርም ይላሉ። የመጽሐፍ ወዳጅ ነን የሚሉት ደግሞ በሥዕል ተከፋፍሎ የሚቀርብ ታሪክ ሁሉ፣ ኮሚክም ይሁን ሌላ፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ወይም ገና ለሚያድግ ልጅ የተዘጋጀ ነው ብለው ደምድመዋል።

ከሁለቱ የመጀመሪያው ክርክር ቢያንስ የሚጨበጥ ነገር አለው። ሁለተኛው ግን የገዛ አገሩን የመጽሐፍ ታሪክ የዘነጋ ነው፤ ተአምረ ማርያምን የመሳሰሉት የብራና መጻሕፍት ጽሑፍን ከሥዕል ጋር አጣምረው ሲተርኩ የኖሩት ለሊቃውንትና ለነገሥታት ጭምር ነበርና። መገልበጥም ነውር ከሆነ፣ አስቀድመው የሚወቀሱት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዳዊትን ሲገለብጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጸሐፊዎች በሆኑ ነበር።

የሥዕሉ ዘር የሚመዘዘው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የሌጋሲዮኖች፣ ማለትም የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ጽሕፈት ቤቶች፣ እና የነጋዴዎች ከተማ እየሆነች ስትመጣ፣ እንደ በላቸው ይመር ያሉ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ ሰዎች የአድዋን ጦርነት፣ ግብርን፣ አደንንና ይህንኑ የሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች መሸጥ ያዙ። ስለዚህ «ለፈረንጅ የተሠራ ነው» የሚለው ክስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የገዢው ማንነት የተራኪውን ችሎታ አይቀንሰውም። እንዲያውም አማርኛ የማያነብ ገዢ ታሪኩን ከዓይኑ ብቻ ተነሥቶ እንዲከተል ማድረግ ሠዓሊዎቹን ምን ያህል እንዳሳሰባቸው ከክፍሎቹ አደራደር ይነበባል።

የመጀመሪያው ረድፍ የሚከፈተው በዘንዶው ነው። ክብረ ነገሥትን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ግር ሊለው ይችላል፤ በ14ኛው መቶ ዘመን በግእዝ የተዘጋጀው መጽሐፍ ንግሥቲቱን የሚያስተዋውቀን በዙፋኗ ላይ ተቀምጣ ሳለች ነውና። ሥዕሉ ግን ከቃል ትውፊቱ ተነሥቶ፣ ሕዝቡ ፍየልና ልጃገረድ እየገበረ የሚገዛለትን ዘንዶ አጋቦስ የተባለው ሰው በመርዝ እንዴት እንደገደለው፣ በምላሹም እንዴት እንደነገሠና ሲሞት ዙፋኑን ለሴት ልጁ እንዴት እንዳወረሰ ያሳየናል። በእኔ ቅጂ ይህ ታሪክ ሰባት ክፍሎችን ይወስዳል። ከእነዚህ ውስጥ አራተኛው አስደንቆኛል፦ መርዙን የበላችው ፍየል በዘንዶው አፍ ፊት ቆማለች፣ አጋቦስ ከበስተኋላ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል፣ ዘንዶውም ገና አልነካትም። ሠዓሊው ግድያውን ከማሳየቱ በፊት አንድ ሙሉ ክፍል ለመጠበቅ ሰጥቷል። እኛ ፍየሏ መርዝ እንደበላች እናውቃለን፤ ዘንዶው አያውቅም። አንባቢን በዚህ መንገድ ልቡን ሰቅሎ ማቆየት የመርማሪ ልብ ወለድ ደራሲዎች ሥራ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ፣ ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ «የጊዜ ማሳለፊያ ጸሐፊ» እየተባሉ ከቁም ነገር ጸሐፊዎች ገበታ ሲገፉ የኖሩ ናቸው።

በሁለተኛው ረድፍ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ይዞት የመጣውን ወሬ ለንግሥቲቱ ያወራል፣ ንግሥቲቱም ጉዞዋን ትጀምራለች። ጽሑፍና ሥዕል የሚለያዩበት ቦታ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ክብረ ነገሥት ብዛትን የሚነግረን በቁጥር ነው፤ ለታምሪን 520 ግመሎችና 73 መርከቦች ይሰጠዋል፣ ንግሥቲቱ ስትነሣም 797 ግመሎች እንደተጫኑ ይቆጥርልናል። ሠዓሊው በእጅ መዳፍ በምታህል ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ማስፈር አይችልም። ስለዚህ አምስት ግመሎችን ብቻ ይሥልና የአምስተኛዋን ግመል ወገብ በክፍሉ መስመር ላይ ይቆርጠዋል፤ አንገቷ በሚቀጥለው ክፍል ብቅ ይላል፤ የዚያኛው ክፍል የመጨረሻ ግመልም እንዲሁ በመስመሩ ተቆርጣ ወደ ሦስተኛው ትሻገራለች። ዓይን መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ ግመሎቹ የማያልቁ ሆነው ይታዩታል። ወንዙም እንዲሁ በሁለት ክፍሎች ሥር ሳይቋረጥ ይፈሳል። ይህን ያደረገው ሰው የክፍሎቹን መስመር እንደ አጥር ብቻ አልተመለከተውም፤ መስመሩን ራሱን ለትረካ ተጠቅሞበታል።

ዋናው ግን ሦስተኛው ረድፍ፣ በኢየሩሳሌም የሚሆነው ነገር ነው። በመጽሐፉ እንደተጻፈው ሰሎሞን ንግሥቲቱን በበርበሬና በሆምጣጤ የተሠራ፣ ውሃ የሚያስጠማ ምግብ ያበላታል፤ በግድ እንዳይደርስባት ስትጠይቀው እርሱም በበኩሏ ከቤቱ ምንም ነገር በግድ እንዳትወስድ ያስምላታል፤ ሌሊት ጠምቷት የተቀመጠውን ውሃ ስታነሣ እጇን ይይዛታል። ትውፊቱ በዚህ ላይ የንግሥቲቱን ደንገጥር ይጨምራል፤ እርሷም ውሃ ጠጥታ እንደ እመቤቷ ትያዛለች። የእኔው ሠዓሊ ይህን ሌሊት በስድስት ክፍሎች ሠርቶታል፤ በስድስቱም ክፍሎች ውስጥ የእንስራው ቦታ አልተለወጠም። መኝታው፣ መጋረጃውና መብራቱ ያው ናቸው፤ የሚንቀሳቀሱት ሰዎቹ ብቻ ናቸው። እንስራው በክፍሉ መካከል ቆሞ ሳለ በመጀመሪያ ሁሉም ተኝተዋል፣ ቀጥሎ ደንገጥሯ ተነሥታለች፣ ቀጥሎ ንግሥቲቱ አንገቷን ቀና አድርጋለች። አንድን ቦታ ሳይቀይሩ ጊዜን ብቻ ማንቀሳቀስ ብዙ የድርሰት ገጽ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እዚህ ግን ሰው ሻዩ ሳይበርድ አንብቦ ይጨርሰዋል።

ከዚያ በኋላ ሠዓሊው የሚተወው ነገር አለ። ንጉሡ እጇን ከያዘበት ክፍል ቀጥሎ ያለው ክፍል የሚያሳየን ሌሊቱ ነግቶ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአንዲት ጣት ውፍረት የማይሞላ ጥቁር መስመር ሲሆን፣ ታሪኩን የሚሞላው አንባቢው ነው። ከክፍሎቹ በላይ ያሉት ጽሑፎች «ንግሥቲቱ ውሃ ስትጠጣ»፣ «ንጉሡ እጇን ሲይዛት» እያሉ የሚሆነውን ብቻ ይጠቁማሉ፤ አስተያየትም ፍርድም አይጨምሩም። እኔ በበኩሌ ይህ ቁጥብነት ከብዙ የዘመናችን ረጃጅም ልብ ወለዶች ይልቅ አንባቢን የሚያከብር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፍርዱ የተቀመጠው በዓይን ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን የቆየ ሥርዓት መሠረት ደጋጎች ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ከጎን ታይተው በአንድ ዓይን። በአድዋ ሥዕሎች ላይ የኢጣልያ ወታደሮች በአንድ ዓይን፣ የእኛዎቹ በሁለት ዓይን የሚታዩት በዚሁ ሥርዓት ነው። በገዛሁት ሥዕል ዘንዶው አንድ ዓይን ብቻ አለው። ታዲያ ሰሎሞን፣ እንግዳውን በተንኮል ያስጠማትና ያጠመዳት ሰው፣ ስንት ዓይን ይኑረው? ነቢይና የጥበብ ንጉሥ ነውና በአንድ ዓይን ሊሣል አይችልም፤ ያደረገው ነገር ደግሞ በሙሉ ፊት ለመመልከት የሚያስቸግር ነው። ሠዓሊው ንጉሡን እጇን በሚይዝበት ክፍል ላይ ሁለቱንም ዓይኖች ሰጥቶታል፤ ይሁን እንጂ የዓይኖቹን ብሌኖች እስከ ጠርዝ ድረስ ገፍቷቸው ወደ ውሃው እንዲያዩ አድርጓል፤ ወደ ንግሥቲቱ አይመለከትም። ይህን ያደረገው አስቦበት ይሁን ወይም ከቀዳሚው ቅጂ ወርሶት ልናገር አልችልም። ሆኖም ሥርዓቱን ሳይጥስ ጥርጣሬውን የሚያስቀምጥበት ቀዳዳ ማግኘቱ፣ «ይህ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ለሚሉ ተመልካቾች በቂ መልስ ይመስለኛል።

በሥዕል የሚተረክን ታሪክ መናቅ የእኛ ብቻ አይደለም። ታሪክን በተከታታይ ሥዕሎች መጻፍን በአውሮፓ ካስጀመሩት አንዱ፣ የጄኔቫው መምህር ሩዶልፍ ቶፕፈር፣ ሥራዎቹን በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ መልክ ከማሳተሙ በፊት ለማሳየት ያመነታ እንደነበር ይታወቃል፤ ካበረታቱት መካከል ታላቁ ጀርመናዊ ባለቅኔ ጎተ ይገኝበታል። አሜሪካዊው አርት ስፒገልማን ወላጆቹ በናዚዎች እጅ ያሳለፉትን መከራ አይሁዶችን በአይጥ፣ ናዚዎችን በድመት መስሎ በኮሚክ የተረከበት ሥራው ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛም ዘንድ የአዲስ አበባን ወጣት ልዕለ ኃያል ያደረገው «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛና በአማርኛ ወጥቷል። ለኮሚክ ቤተኛ የሆኑት ወጣት አንባቢዎች መነሻቸውን ከአሜሪካና ከጃፓን ሲቆጥሩ እሰማለሁ፤ አያቶቻቸው በሚበሉበት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ግን ከዝርዝሩ አያስገቡትም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ፤ ጉድለቱ ቀላል አይደለም። በእኔ ቅጂ በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ሁለት ክፍሎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ሰሎሞን ንግሥቲቱን ሲሸኛት ቀለበት የሚሰጥበት ክፍል 32ኛ፣ ምኒልክ የሚወለድበት ደግሞ 33ኛ መሆን ሲገባቸው፣ ልደቱ ቀድሞ ቀለበቱ ተከትሏል። ክብረ ነገሥት ሕፃኑ የተወለደው ንግሥቲቱ ከሰሎሞን ከተለየች ከ9 ወር ከ5 ቀን በኋላ፣ በመንገድ ላይ መሆኑን ይናገራል፤ በዚህ ሥዕል ግን ሕፃኑ አባቱ እናቱን ከመሸኘቱ በፊት ተወልዶ ታቅፏል። ስህተቱን ለሻጯ ባሳየኋት ጊዜ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ ተመለከተችውና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ዓይነት ስንት ሸጫለሁ መሰለዎት፤ እስከ ዛሬ ማንም አላለኝም» አለችኝ። ከመደርደሪያው ሌላ ቅጂ አውጥታ ወለሉ ላይ ብትዘረጋው ያው ስህተት እዚያም ላይ አለ። አንዱ ገልባጭ ያሳሳተውን ሌሎቹ ተከትለውታል፤ ገዢም ሻጭም አላረሙትም፤ ምክንያቱም ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚታየው በጥቅሉ እንጂ በተራ አይደለም። የሚነበብ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ሁለት ገጽ ተዛውሮበት ይህን ያህል ጊዜ ዝም የሚባል አይመስለኝም።

አራተኛው ረድፍ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። አጀማመሩ መልካም ነው፤ ሕፃኑ ምኒልክ ከእኩዮቹ ጋር የገና ጨዋታ ሲጫወት፣ አባቱን ሲጠይቅና መስተዋት ተሰጥቶት መልኩን ሲያይ እናያለን። ኢየሩሳሌም ደርሶ፣ ሌላ ሰው በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሳለ አባቱን ከአሽከሮች መካከል ለይቶ የሚያወጣበት ክፍልም ከቀዳሚው የመስተዋት ክፍል ጋር በጥሩ ሁኔታ ተያይዟል፤ ፊቱን በመስተዋት ያየው ልጅ ያንኑ ፊት በሰው መካከል ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ግን ሠዓሊው ቦታ አልቆበት ተቻኩሏል። በመጽሐፉ ውስጥ የካህኑ ልጅ አዛርያስና ጓደኞቹ ታቦተ ጽዮንን የሚወስዱበት፣ በስፍራውም ጠራቢ ያዘጋጀውን እንጨት የሚያኖሩበት ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥል ነው፤ እዚህ ግን በሁለት ክፍሎች ብቻ ታልፏል፤ እንጨቱም ጨርሶ የለም። የዘንዶው ታሪክ ሰባት ክፍሎች ተሰጥተውት ታቦቱ ሁለት ብቻ ማግኘቱ የሚዛን ጉድለት ነው። ለዚህ የምወቅሰው ይህን ሠዓሊ ብቻ አይደለም፤ አደራደሩ የተወረሰ ይመስላል።

ሌሎቹ ጉድለቶች የአሠራር ናቸው። የወንዶቹ ፊት፣ ከሰሎሞንና ከአጋቦስ በስተቀር፣ የአንድ ሰው ፊት ነው። የጽሑፎቹ ፊደል በሁለት ክፍሎች ላይ ፈጽሞ አይነበብም፤ የቀለሙ ነጭ ከበስተኋላው ቢጫ ጋር ተዋሕዷል። ሸራው ለረጅም ጊዜ ታጥፎ በመቆየቱም በመካከሉ የታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ መሰንጠቅ ጀምሯል። በአንጻሩ ቀዩና አረንጓዴው ንጹሕና ደማቅ ናቸው፤ የልብሱ ጥለት በየክፍሉ ሳይለወጥ መከተሉም ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ያግዛል።

ስለ መደብሩ ብዙ የምለው የለኝም። ሻጯ ትሑትና ታጋሽ ናት፤ ሦስት ቅጂዎችን ወለሉ ላይ ዘርግታ ተንበርክኬ እንዳነባቸው ፈቅዳልኛለች፤ ሌሎች ደንበኞችም ዞር ብለው አለፉኝ። የሠዓሊውን ስም ስጠይቃት ግን፣ «አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ አንዱ መስመሩን ያወጣል፣ ሌላው ቀለሙን ይቀባል፣ ጽሑፉን ደግሞ ሌላ» ብላ አለፈችው፤ ስማቸውንም አልነገረችኝም። ሦስት ሰዎች የተባበሩበት ሥራ ከሆነ የሦስቱም ስም በሸራው ጀርባ ቢጻፍ ለዋጋውም ለክብሩም ይጠቅም ነበር። የንቀቱ አንድ ምክንያት ስም የለሽነት ነው ካልን፣ ከሁሉ በቀላሉ የሚቀረፈውም ይኸው ነው።

ለመግዛት ላሰበ ሰው የምሰጠው ምክር ይህ ነው። ከ44 ክፍል ያነሰውን፣ በተለይም በፍየል ቆዳ ላይ በጥቂት ክፍሎች የሚሠራውን ታሪክ ለማንበብ ብሎ አይግዛ፤ የኢየሩሳሌሙ ሌሊት ወደ አንድ ክፍል ተጨምቆ እንስራውም መኝታውም አብረው ይጠፋሉ። ከመክፈሉ በፊት ሥዕሉን አዘርግቶ 32ኛውንና 33ኛውን ክፍል ይመልከት፤ ቅደም ተከተሉ የተስተካከለ ቅጂ ከተገኘ በ500 ብር ጭማሪ እንኳ ቢሆን ያዋጣል። እንዲታጠፍ አይፍቀድ፤ በቱቦ ላይ ተጠቅልሎ ይሰጠው። ቤቱ ሲደርስም ከሶፋው በላይ ከፍ አድርጎ አይስቀለው፤ ሁለተኛው ረድፍ በቆመ ሰው ዓይን ልክ እንዲውል ዝቅ አድርጎ፣ ከፊቱ ምንም ዕቃ በሌለበትና ብርሃን ከጎን በሚመጣበት ግድግዳ ላይ ቢያደርገው፣ ጽሑፎቹን ከአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ያነባቸዋል።